የጀልባዋ ፋኖስ

ሐረር፣ ፈላና በር ሰፈር መብራት ሲጠፋ ባለሱቆቹ ኩራዝ ይለኩሳሉ። የላምባው ሽታ ሲደርሰኝ እስከ ዛሬ ጉልበቴን ሰብስቤ እቀመጣለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እናቴ አባቴን ጥላ ስትወጣ ይዛኝ ከሐረር ዓለማያ ሐይቅ ድረስ መጣች። ወንድሟ ከሐይቁ ማዶ ነበር የሚኖረው። ሽማግሌው ቀዛፊ ኦቦ አህመድ ፋኖሳቸውን ጀልባቸው ጫፍ ላይ ሰቅለው ወደ ጨለማው ይዘውን ገቡ። ጀልባዋ ጠባብ ስለነበረች ጉልበቴ አገጬን ነክቶታል።

«እባክዎ ያጥፉት፤ ባሌ ተከትሎናል፣ ያየናል» አለች እናቴ።

«አይሆንም ልጄ። ፋኖሱ እኛ እንድናይበት አይደለም፤ ሌላው እንዲያየን ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ካላዩን፣ ወላሂ፣ ገልብጠውን ነው የሚያልፉት።»

እናቴ ፋኖሱን በነጠላዋ ልትሸፍን ተነሳች። ወዲያው እዚያው አጠገባችን ሌላ መቅዘፊያ ውኃውን ሲመታ ሰማን። ነጠላዋን እንደያዘች ተመልሳ ተቀመጠች።

ያኔ ከኋላችን ካለው ዳርቻ የአባቴ የእጅ ባትሪ በራ። ጥቂት ቆመና የሐይቁን ዳር ይዞ፣ እኛ ወደምንሄድበት ማዶ መጓዝ ጀመረ። ኦቦ አህመድ መቅዘፋቸውን ቀጠሉ።

አሁን መብራቱ መጣ። የሰፈሩ ልጆች በደስታ ይጮሃሉ። እኔ ግን ያ ባትሪ ዛሬም የሚያበራብኝ ይመስል ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።