ትርንጎ የሠራችው አፈር

አፈር ደግሞ ይሠራል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። ትርንጎ ሠርታለች። ደብረ ታቦር ውስጥ ከአያ ሙላቴ ግቢ አንዲት ክፍል ስትከራይ፣ ጓሮው ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ እግር የሚይዝ ቀይ ጭቃ ነበር። ጎመን ተከለችበት፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፣ ኑሮዋ አትክልት መሸጥ ነው። መሬቱን ካላዳነችው ሌላ መግቢያ የላትም።

እበት ፍለጋ ጎረቤት ዞረች። ማን ሊሰጣት! ሁሉም ኩበት ጠፍጥፎ ያነደዋል። ስለዚህ በገበያ ቀን አህዮች ከሚታሰሩበት ሜዳ ፋንድያ በጆንያ ትለቅም ጀመር። "ትርንጎ፣ ዛሬስ ምን ሸመትሽ?" እያሉ ይስቁባታል። "ያንተ አህያ የቸረኝን!" ትላለች። አፏ እንደሁ አይቻልም።

ጎረቤቷ ዘሀራ የዶሮ ኩስ ሰጠቻት። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል ብላ ከገብስ ገለባ ጋር ከምራ ወራት አቆየችው። አመድ በስሱ በተነች። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ነፋስ አምጥቶ ቢጥልባት እንኳ እየተሳደበች ትለቅመዋለች፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ አፈር ያከሳል ባይ ናት። ጠዋት ጠዋት አንድ ጭብጥ አንስታ ትጨምቃለች። እንደ ጡብ ከተጣበቀ ገለባ ትጨምራለች፤ ፍርክስክስ ካለ ፊቷ ይበራል። በአራተኛው ዓመት የምድር ትል አገኘችና እልል አለች። እውነቴን ነው፣ ለትል እልል አለች! በስምንተኛው ዓመት አፈሩ ጠቁሮ እጅ እስከ ክርን ያስገባ ነበር። ጎመኗንና ካሮቷን ሰው ከበሯ ድረስ መጥቶ ይወስድላታል።

ዘንድሮ ፋሲካ እንዳለፈ አያ ሙላቴ ግቢውን ሸጡት።

"ክፍሉንስ እለቃለሁ፣ አያ ሙላቴ፤ አፈሬን ግን በጋሪ ላግዘው ይፍቀዱልኝ" አለቻቸው።

"ምንሽን?"

"አፈሬን።"

ሽማግሌው ቱግ አሉ። "የሸጥሁትን ግቢ ጉድጓድ አድርጌ ላስረክብ? ገዢው ምን ይለኛል? አገር ይሳቅብኝ?"

ነገሩ ለሽምግልና ቀረበ። መሪጌታ ይሻው ከሁለት ሰዎች ጋር መጥተው ከጓሮው አጠገብ ተቀመጡ። ትርንጎ ያን ምላሷን የት እንዳደረገችው እንጃ፣ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። "አባቶቼ፣ ስልሳ አልፌያለሁ። የምሄድበት ቤት ጓሮው ጭንጫ ነው። ይህን እንደገና የምሠራበት ስምንት ዓመት የለኝም።"

መሪጌታ ከጓሮው አፈር አንድ ጭብጥ አንስተው አዩ። ኋላ አንገታቸውን ደፍተው፣ "ትርንጎ፣ የተከልሽው ያንቺ ነው፤ ጎመኑን ንቀይ። አፈር ግን መሬት ነው፣ መሬቱም ተሽጧል" አሉ።

እኔን ብትጠይቁኝ ፍርዱ አያስነቅፍም። አንጀት ግን ይበላል። ትርንጎ ጎመኗን ነቅላ፣ ዕቃዋን ባጃጅ ላይ ጭና ወጣች። አዲሱ ጓሮ ዶማዋን አንጥሮ መለሰባት።

ሰኔ ላይ በዚያ በኩል ስታልፍ እግሯ እንቢ አላትና ወደ ግቢው ገባች። መሠረት እየተቆፈረ ነው። የእሷ ቦታ የለም፤ ቀዩ መሬት አፉን ከፍቷል። ገዢው ወጣት ነው፣ ትሑት ሰው ነው፤ ሲያያት ወንበር ሊያመጣላት ተነሣ።

"እዚህ የነበረው ጥቁር አፈር የት ደረሰ፣ ልጄ?"

"እሱማ ለመሠረት አይሆንም ስላሉኝ አስጠርጌ ወንዝ ዳር አስደፋሁት፣ እማማ። የሰሞኑ ዝናብ ወስዶታል።" ፊቷን አይቶ ደነገጠ። "ይፈልጉት ነበር እንዴ? ምነው በነገሩኝ! እኔ እኮ የሚወስድልኝ ሰው አጥቼ ነው። በመኪና ጭኜ ቤትዎ ድረስ አስደፋልዎት ነበር።"

ከልቡ ነበር። ወይኔ! አያ ሙላቴም፣ ሽማግሎቹም፣ ራሷ ትርንጎም ገዢው ምን ይል ይሆን ሲሉ ከረሙ እንጂ፣ ሄዶ የጠየቀው አንድ ሰው የለም።

"እግዜር ይስጥህ" አለችው። ከአሸዋው ክምር ላይ ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ገበያ ወረደችና፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ጎመን ገዝታ ቤቷ ገባች።