የመልካሙ የሦስት ቀን ዝምታ

መርሳ ውስጥ መልካሙን በመልኩ የማያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ በድምፁ የማያውቀው ግን የለም። የመድኃኒት ቤት መከፈት፣ የክትባት ቀን፣ የጠፋች ጥጃ፣ የሞባይል ቅናሽ፣ ይህ ሁሉ በእሱ ጉሮሮ አልፎ ነው ወደ ሰው ጆሮ የሚደርስ። ከሱቅ ደጃፍ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ዓመት ሙሉ ሲሰማው የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን አጠገቡ ቆሞ የሽንኩርት ዋጋ ሲጠይቅ ቢያገኘው ዘወር ብሎ ያየዋል። ያየዋልና «ያ ሁሉ ድምፅ ከዚህች አንገት ነው?» ይላል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ትከሻው የጠበበ፣ ሲያዩት ትንፋሽ ያጠረው የሚመስል።

በወጣትነቱ ውርጌሳ ላይ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ይጠራ ነበር። ከዚያ ሞንታርቦ የሚሉትን ትልቅ ድምፅ ማጉያ በመኪና ጭኖ ገበያ ለገበያ ዞረ፤ ግራናን፣ መርሳን፣ አንዳንዴም ወልድያን። ወልድያ ላይ ኣስፋሃ የሚባል ሙዚቃ ቤት ያለው ሰው ድምፁን ወደደለትና ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓዳ ማስታወቂያ ያስቀርጸው ጀመር። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈባት፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ የተጋረደባት ጓዳ ናት። ኣስፋሃ «ስቱዲዮ» ይላታል፤ መልካሙም እዚያ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ማንም አላዘዘውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መልካሙ የሰፈሩ ቅሬ ጠሪ ነበር። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይተዛዘናል፣ በአንድ ቅሬ ይቀብራል። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ወጥቶ የሚጠራ አንድ አፍ ያስፈልጋል። ያ አፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመልካሙ ነበር፤ ያለ ምንዳ፣ ለነፍስ ተብሎ።

ይህ ነገር እንጀራውን እንደጎዳበት ያወቀው ዘግይቶ ነው። አንዱ ነጋዴ በቀልድ አስመስሎ ነገረው።

«መልኬ፣ ድምፅህ ግሩም ነው። ግን አንተ ሳሙና ግዙ ስትል እኔ አካፋዬን ነው የምፈልግ።»

ሰው ሳቀ። መልካሙም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ያ ነጋዴ ማስታወቂያውን ለሌላ ሰው ሰጠ፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት። ሰው በተሰጠው ነገር የሚከበርበትና የሚቀጣበት ቦታ አንድ መሆኑ የቆየ ነገር ነው፤ መልካሙ ግን ይህን ሊያስብ ጊዜ አልነበረውም። ሌላ በር ማየት ጀመረ።

በሩን ያሳየችው ልጁ ሊዲያ ናት። በድምፃቸው ለሚያድሩ ሰዎች ወሬና ምክር የሚያወጣ አንድ የቴሌግራም ቻናል አለ። የት ቦታ አንባቢ እንደሚፈለግ፣ የትኛው ማይክ እንደሚሻል፣ ጉሮሮ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ናሙና እንዴት እንደሚላክ ይጽፋል። ሊዲያ በስልኩ ጫነችለት። ነገር ግን በእኛ አገር ኔት እንደ ክረምት ፀሐይ ነው፤ ሳምንት ይጠፋና አንድ ጠዋት ብቅ ይላል። ብቅ ሲል የሳምንቱ መልእክት ሁሉ ባንዴ ይንጋጋል። «ማመልከቻው ማክሰኞ ይዘጋል» የሚለውን መልካሙ ሐሙስ ያነበዋል። ቢሆንም አንዱንም ሳይዘል ነበር የሚያነበው። የተዘጋውን በር መዝጊያ እየዳበሰ የሚሄድ ሰው ይመስል ነበር።

በጥቅምት ውስጥ በአንዱ ማክሰኞ ግን ቀኑ ያላለፈ ማስታወቂያ ደረሰው። የውጭ ተከታታይ ድራማ ወደ አማርኛ የሚመልስ ድርጅት የሽማግሌ ወንድ ድምፅ ይፈልጋል። አንድ ገጽ ንባብ፣ መጨረሻው ላይ ረዥም ሳቅ፤ እስከ ቅዳሜ ማታ ይላክ። የሚነበበው አብሮ ተያይዟል፤ ሽማግሌው የጠፋ የልጅ ልጁ ሲመለስለት የሚናገረው ነው።

መልካሙ ሦስት ጊዜ አነበበው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሞት የተናገረበት አፍ አንድ ጊዜ የተመለሰ ሰው ሊቀበልበት ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ግን የፈለገው ይህንን ነበር፣ ሌላ አልነበረም።

የቻናሉ ምክር ደግሞ ግልጽ ነው፦ ከቀረጻ በፊት ሦስት ቀን ዝም በሉ፤ ለብ ያለ ውኃ ጠጡ፤ ማንሾካሾክም ቢሆን ይጎዳል። መልካሙ ረቡዕ ጠዋት ዝም አለ። የሚፈልገውን በሊዲያ አሮጌ ደብተር ላይ እየጻፈ ለባለቤቱ ለሸዋዬ ያሳያታል።

«ሠላሳ ዓመት ዝም በል ስልህ አልሰማ ያልከኝን፣ ስልኩ ቢልህ ሰማህ?» አለችው ሸዋዬ።

«ውኃ» ብሎ ጻፈ።

«ለብ ያለ?»

ራሱን ነቀነቀ። እሷም እየሳቀች ሄደች። ሐሙስም እንዲሁ አለፈ።

ዓርብ ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። የቅሬው ዳኛ ሼህ ዓሪፍ ናቸው።

«መልካሙ፣ ዘይነባ ሄደችብን» አሉ። ዘይነባ ማንጎ እየሸጠች ስምንት ልጅ ያሳደገች፣ ሰፈሩን ሁሉ በስሙ የምትጠራ አሮጊት ነበረች። «አላህ ይዘንላት። ከጁምዓ በፊት ማድረስ አለብን። ቶሎ ውጣ።»

መልካሙ ጉሮሮውን በእጁ ነካ።

«አሞሃል?»

እዚህ ላይ «የለም» ሊል ይችል ነበር። አንድ ቃል ናት። ራሱን ወደ ታች ነቀነቀ።

ዓሪፍ ከልባቸው አዘኑለት። «አይዞህ፣ አላህ ይማርህ። ታዲያ ማን ይጥራ?»

መልካሙ አስቀድሞ አስቦበት ይመስል ስልኩን አወጣ። በግንቦት በላይ የሚባል ጎረቤታቸው በሞተ ጊዜ፣ ሁለቱን ሰፈር ባንዴ ለማዳረስ ጥሪውን ቀርጾ ለባጃጅ ነጂው ለጀብሪል ሰጥቶት ነበር። ቅጂው ዛሬም አለ። መጀመሪያው ለማንም ይሆናል፦ «ቅሬ፣ ቅሬ፣ የላይኛውም የታችኛውም፣ ወንድ አካፋና ዶማ ይዘህ ውጣ።» ከዚያ ነው የሟቹ ስምና መቀበሪያው የሚመጣ። ጀብሪል ስሙ ጋ ሳይደርስ አቁሞ የዘይነባን ስም በራሱ አፍ ቢጨምርስ? መልካሙ ይህን በደብተሩ ጻፈው። ዓሪፍ አነበቡትና ለጀብሪል ነገሩት።

«ቀላል ነው» አለ ጀብሪል። የመልካሙን ስልክ ከማጉያው ጋር አያይዞ ደረት ኪሱ ከተተው።

መልካሙ ደጃፉ ላይ ቆሞ የራሱን ድምፅ ከባጃጁ ላይ ሲወጣ ሰማ። በላይኛው ሰፈር ሁሉም ነገር እንደታሰበው ሆነ፤ ቅጂው ቆመ፣ ጀብሪል «ዘይነባ» አለ። መልካሙ በባለሙያ ጆሮ አዳመጠና ትንፋሽ አወሳሰዱን ወደደው። ከዚያ ባጃጁ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደ። ቁልቁለቱ ጎርፍ የበላው ነው፤ ጀብሪል መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ለማቆም የተረፈ እጅ አልነበረውም።

«አቶ በላይ ስላረፉ፣ ቀብሩ ሚካኤል ነው» አለ የመልካሙ ድምፅ፤ ያውም በእልፍነሽ ደጃፍ፣ በበላይ ሚስት ደጃፍ።

መልካሙ ሮጠ። «አቁመው!» ብሎ ጮኸ፤ ሁለት ቀን ያረፈ ጉሮሮ በአንድ ቃል ተሰነጠቀ። ጀብሪል አልሰማውም። በማጉያው የሚጮኸው መልካሙ በእግሩ ከሚሮጠው መልካሙ ይበረታ ነበር።

እልፍነሽ ነጠላዋን ሳትይዝ ወጣች። መጀመሪያ አላለቀሰችም፤ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስል ወደ ቤት ተመልሳ አልጋውን አየች። ከዚያ ነው የጮኸች። ጎረቤት ልጇ ሞተ ብሎ ተሯሯጠ። ከታችኛው ሰፈር ገሚሱ ወንድ ሌላ በላይ ሞቷል ብሎ አካፋውን ይዞ ሚካኤል ወጣ፤ እዚያም ያልተቆፈረ መሬት ከቦ ሲጠብቅ አረፈደ። ዘይነባን የቆፈሩላት የላይኛው ሰፈር ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጁምዓ ሊደርስባቸው ሆኖ፣ ልጆቿ ራሳቸው ዶማ አነሱ። ሟች ልጆቿን እንዲህ የምታስደክም ሴት አልነበረችም።

ከሰዓት በኋላ ዓሪፍ መልካሙን ይዘው እልፍነሽ ዘንድ ሄዱ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች።

«እልፍዬ፣ ይቅር በይው። በሽታ ነው፣ ተንኮል አይደለም» አሉ ዓሪፍ።

«ሼህ፣ እርስዎን አከብራለሁ» አለች። «አሞታል ሲሉኝ እኔም ይሁን ብዬ ነበር። ሸዋዬን ብጠይቃት ግን እሷ መዋሸት አታውቅም።» ወደ መልካሙ ዞረች። «በግንቦት ስትጠራልኝ እንዴት አድርገህ እንደጠራኸው ታውቃለህ? አገር አለቀሰልኝ። ዛሬ ምን ሆንክ? ድምፅህን ቆጥበህ ለማን ልትሰጠው ነበር?»

መልካሙ ከጠዋቱ ጩኸት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ፤ ሻካራ ሆኖ ወጣ። «ለአንድ ድራማ።»

«የምን ድራማ?»

«የሽማግሌ ነው። የጠፋበት የልጅ ልጁ ሲመለስለት የሚስቅ።»

እልፍነሽ ረዘም አድርጋ አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢኖርባት ይቀለው ነበር።

«እንግዲህ ሂድና ሳቅ» አለች።

 መንገዱ ላይ ሲለያዩ ዓሪፍ «እኔን ዋሸኸኝ» አሉት። ሁለት ቃል ናት። በማግስቱ ጠሪነቱ ለጀብሪል መሰጠቱን ሸዋዬ ከወፍጮ ቤት ሰምታ መጣች።

ቅዳሜ መልካሙ በሚኒባስ ሲሪንቃን አልፎ ወልድያ ገባ። ለምን እንደሄደ ራሱም አያውቀውም፤ ምናልባት ያን ሁሉ ካፈረሰ በኋላ ያፈረሰለትን ነገር መተው ሁለተኛ ጥፋት መስሎት ይሆናል። ጫማውን አውልቆ ገባ። ንባቡን በሻካራ ጉሮሮ አነበበ፤ መሻከሩ ለሽማግሌው ስለተስማማ ኣስፋሃ በጓዳዋ ትንሽ መስታወት ማዶ አውራ ጣቱን አነሳለት። ሳቁ ላይ ቆሙ።

«ይህ ሳቅ አይደለም ወንድሜ» አለ ኣስፋሃ። «ግብር የተጫነብህ ይመስላል።»

ደገመው።

«አሁን ደግሞ ግብሩን ከፍለህ የመጣህ ይመስላል።»

አሥራ አንድ ጊዜ ሞከሩ። በየመሀሉ እልፍነሽ በሐሳቡ ትገባበታለች። በመጨረሻ ኣስፋሃ ኮምፒውተሩን ፈትሾ አንድ ነገር አገኘ። የዛሬ አራት ዓመት ለጭማቂ ቤት ማስታወቂያ ሲቀዱ መልካሙ የሳቀው ሳቅ ነው፤ ረዥም፣ የእውነት።

«ይህን ቆርጬ ልቀጥለው? ማንም አያውቅም፤ ያንተው ድምፅ ነው።»

መልካሙ ሳቁን ሰማ። የማን እንደሆነ ለማስታወስ ጊዜ ወሰደበት።

«አይሆንም» አለ። «የተቀዳ ይብቃኝ።»

አሥራ አንደኛውን ላኩት። ማታውን ኔት ጠፋ፤ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ሲመለስ እንደ ልማዱ ሁሉም ባንዴ ወረደ። «ለሽማግሌው ድምፅ ባለሙያ ተመርጧል፤ ላላለፋችሁ አይዟችሁ» የሚለውን አነበበ። ከሥሩ ሌላ አለ፤ ድርጅቶች ማስታወቂያ በኮምፒውተር ድምፅ እያሠሩ ስለሆነ ባለሙያዎች ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚመክር። ምክሩ ስድስት ነጥብ ነው። ስድስቱንም አነበባቸው፤ ስልኩንም በግንባሩ ደፋው።

በኅዳር ውስጥ በአንዱ ጠዋት ጎህ ሲቀድ የባጃጅ ድምፅ ሰማ። ጀብሪል በራሱ አፍ ይጠራል፤ ፈጥኖ፣ ቃሉን እየዋጠ። መልካሙ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት የማንም ሞት ከእሱ አፍ ቀድሞ ሰፈሩ ጆሮ አልደረሰም ነበር።

«ማን ነው?» አለች ሸዋዬ በጨለማው።

«አልለየሁትም።»

ተነስቶ አካፋውን ከበሩ ጀርባ አነሳና ወጣ። መንገዱ ላይ ሰዎች በዝምታ ይወርዳሉ። ወደ መጨረሻው ሰው ተጠግቶ የሟቹን ስም ጠየቀ። ሰውየው ድምፁን ለይቶታል፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

«ተከተል» አለው። «ስንደርስ ታውቃለህ።»

መልካሙ አካፋውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ከኋላ ተከተለ።