ሐጂ ሙሐዲን ያልፈረሙበት የጌም ውል

ፋሪዳ መንደራ ቆጪ የሚባል ሰፈር ውስጥ ጌም ቤት ከፍታ ሁለት ሴት ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት። ሦስት ማሽንና አሥራ አንድ ሲዲ አላት። ራሷ ተጫውታ አታውቅም፤ ሲዲ የሚቀይረው ግን የእሷ እጅ ብቻ ነው። «ላብ ያለው እጅ አይንካብኝ!» ትልና ጠርዙን ይዛ፣ በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ታስገባለች።

ያም ሆኖ ሲዲዎቹ ይጫጫራሉ። ሁለቱ ሲዲ ጭራሽ ሞተዋል። ሊጫወቱ የሚመጡት የሰፈር ልጆችም «የዘንድሮው የኳስ ጌም የለም?» እያሉ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ጀመሩ።

በዚህ መሃል በረከት መጣ። በረከት አካውንት ሻጭ ነው፤ ጌሙን ያለ ሲዲ፣ በኢንተርኔት ማሽኑ ላይ ይጭናል። «እትዬ ፋሪዳ፣ ሲዲ እኮ አለቀለት። ይሄ አይጫር፣ አይሰረቅ!» አላት። ሲዲዎቹን ሸቤ ከተማ ላይ ጌም ቤት ለሚከፍተው ለሸኩር ሸጣ፣ በብሩ አካውንት እንድትገዛ መከራት። ለሙከራም አንዱ ማሽን ላይ ጫነላት።

በአራተኛው ቀን ኔትወርክ ጠፋ። ማሽኑን ስታበራ እያንዳንዱ ጌም ላይ ትንሽዬ የቁልፍ ምልክት ተለጥፏል። ብትነካው «ኢንተርኔት ያስፈልጋል» ይላል እንጂ አይከፈትም። «እትዬ፣ ጌምሽ ታሰረ!» ብለው ልጆቹ ሳቁ። እሷ ግን ደነገጠች። በሯ ክፍት ነው፣ መብራት አለ፣ ኪራዩ ተከፍሏል፤ የማታውቀው ሰው ግን በገዛ ቤቷ ውስጥ ቆልፎባታል! በማግስቱ ኔትወርክ ሲመለስ ቁልፉ ለቀቀ። ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ማሽን ስታበራ ቢስሚላሂ ብላ ፊቷን ታዞራለች።

ታዲያ ለምን አልተወችውም? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የልጅ ጉሮሮ አስጨንቆት አያውቅም። ሲዲው እጇ ላይ እያለ ይሞታል፤ አካውንቱ ሳይሞት ይወሰዳል። ስለዚህ ፋሪዳ በሬም የቡና ማሳም ሲሸጥ የሚደረገውን አደረገች፤ በምስክር ፊት ውል ይጻፍ አለች።

ሐጂ ሙሐዲን መጡ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰዎች የሽያጭ ውል ላይ ሲመሰክሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሸኩር ከሸቤ መጥቶ፣ የሲዲውን ቦርሳ ይዞ በር ላይ ይጠብቃል። ውሉ ተነበበ። ሐጂ እስክሪብቶውን አልተቀበሉም።

«ሜ፣ እስቲ የምትሸጠውን አሳየኝ» አሉት በረከትን።

«ይኸው ሐጂ፣ ስክሪኑ ላይ።»

«ይሄማ ሥዕል ነው። ለበሬ እንኳ ስመሰክር ጥርሱን አይቼ ነው። ዕቃው የት ነው?»

«ዕቃ የለውም ሐጂ። ውጭ አገር ነው ያለው፣ ኩባንያው ጋ።»

«ያንተ ነው?»

«አካውንቱ እንኳ የአንድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። እኔ የይለፍ ቃሉን ነው የምሰጣት።»

«የዚያ ልጅስ ነው?»

በረከት አንገቱን አከከ። «ኩባንያው ፈቅዶለት ነው። ከከለከለው… ያው፣ ከለከለው ነው።»

«ታዲያ አንተም የሌለህን፣ እሱም የሌለውን ነው እንዴ የምትሸጡላት? ያላየሁትን አልመሰክርም፤ አላህ ይጠይቀኛል።»

ይሄ ነው! አንድ ሽማግሌ በአራት ጥያቄ የደረሱበትን እኛ ተማርን የምንለው አንጠይቅም። «እስማማለሁ» የሚለውን ሳናነብ እንጫናለን፤ የተዋስነውን ገዛን ብለን እንፎክራለን። ሲቆለፍብን ደግሞ የምንከሰው ሰው ስም እንኳ አናውቅም።

ፋሪዳ ቦርሳውን ከሸኩር እጅ ተቀበለች። «አፉ በለኝ ሸኩር፣ አልሸጥም።»

«አረ ፋሪዳ! ከሸቤ ድረስ ለሽርሽር ነው ያመጣሽኝ?»

በረከት ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ። ክፉ ልጅ አይደለም። «እትዬ፣ አልዋሽሽም፤ አሁን ከሚመጡት ማሽኖች አንዳንዶቹ የሲዲ ማስገቢያ እንኳ የላቸውም። እነዚህ ሲበላሹብሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

ፋሪዳ ከቦርሳው አንድ ሲዲ አውጥታ አስገባች። ማሽኑ ጉርር አለ፤ ቆመ፤ ደግሞ ጉርር አለ። ልጆቹ ጆይስቲክ ይዘው ይጠብቃሉ። ፋሪዳ እጇን ማሽኑ ላይ ጭና፣ ትኩሳቱን እንደታመመ ልጅ እየዳሰሰች፣ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች።