ላልተማረ ሰው የተያዘ ወንበር

የእህቴ ባል፣ ዋርሳዬ፣ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ፊት ለፊት ነው፤ ግማሹን እሱ ይሰፋበታል፣ በግማሹ እኔ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር እሸጥበታለሁ። በመካከላችን ያለው ድንበር አንድ ትልቅ መስታወት ብቻ ነው። እሱ ደንበኛ ያቆምበታል፣ እኔ በጀርባው ዚፖቼን አንጠለጥልበታለሁ። ስለዚህ ስለ እሱ የምናገረውን ከሰው ወሬ አልለቀምኩትም። እኔ ላለመስማት ብሞክር እንኳ እሱ ዝም አይልም።

ትምህርቱን ያቆመው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። አባቱ ሲሞቱ የስፌት መኪናው ሥራ ፈትቶ ቆመ፤ እሱም ሄዶ ተቀመጠበት፣ ነገሩ ይኸው ነው። አያለቃቅስበትም። ነገር ግን የምረቃ ጋዋን ለማሳጠር የመጣ ተማሪ ሁሉ "ምን ነበር ያጠናኸው?" ሳይባል አይለካም፤ ልጁ የዋህ ሆኖ ከመለሰ ደግሞ ጋዋኑ ይዘገያል። ዋርሳዬ ስፒሉን በከንፈሩ እንደያዘ "ምን ማለት ነው?" ይላል። ስለ ድልድይ ያጠና፣ ስለ ግብር ያጠና፣ ስለ ትንኝ ያጠና፣ ሁሉም እዚያ መስታወት ፊት ሁለተኛ ተፈትኗል። እህቴ "አንተ ሰውዬ፣ ደንበኛ ነው ወይስ እስረኛ?" እያለች ትቆጣዋለች።

አንድ ቀን አንዲት የሕግ መምህርት ኮት ልታሰፋ መጣች። ወገቡ ጠበብ ብሎ የማይጨንቅ፣ ትከሻው ሰፋ ብሎ የማይንዘረፈፍ፣ ለችሎትም ለሠርግም የሚሆን ኮት ነበር የፈለገችው። ሁሉንም አስረዳችው።

"አልገባኝም" አላት።

ደግማ አስረዳችው።

"አሁንም አልገባኝም። እኔ ደግሞ ያልገባኝን ጨርቅ አልቆርጥም።"

ሌላ ሰው ቢሆን ጨርቁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ይወጣ ነበር። እሷ ግን ሳቀችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እርስዎን የመሰለ ሰው ነው ስንፈልግ የከረምነው" አለችው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድ ኮሚቴ አለ፣ እሷ ትሰበስበዋለች። ሐኪምም ይሁን መሐንዲስ፣ የንግድም ይሁን የሕግ ወይም የትምህርት ተመራማሪ፣ ሰው ላይ ጥናት የሚያደርግ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ቀርቦ ይፈቀድለታል። በጠረጴዛው ዙሪያ ምሁራን ይቀመጣሉ። ደንቡ ግን አንዱን ወንበር ላልተማረ ሰው ይዞታል፤ ከሚጠኑት ወገን ለሆነ ሰው። ወንበሩ ባዶ ነበር።

"የእርስዎ ሥራ አንድ ነው" አለችው። "አጥኚው ለተሳታፊው የሚያነብለትን ወረቀት ይሰማሉ። ካልገባዎት 'አልገባኝም' ይላሉ። እርስዎ ካልገባዎት አያልፍም።"

ዋርሳዬ መቀሱን አስቀመጠ። "ዶክተር፣ ይሄንንማ እዚህም ያለ ሹመት እሠራዋለሁ" አላት።

ረቡዕ ከሰዓት ሲደርስ ራሱ የሰፋውን ኮት ለብሶ ሄደ። መጀመሪያ የቀረበው አንድ መሐንዲስ ነበር፤ የሕንፃ ሠራተኞች ፀሐይ ላይ ሲውሉ ጭንቅላታቸው ምን ያህል እንደሚሞቅ የሚለካ ባርኔጣ ሊያጠልቅላቸው ፈልጓል። ወረቀቱን አነበበ፤ ጠረጴዛው በሙሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

"አልገባኝም" አለ ዋርሳዬ።

"የቱ ነው ያልገባዎት?"

"ሁሉም። ለምሳሌ ሰውየው ባርኔጣው ቢያሳክከውና አውልቆ ቢጥለው፣ አለቃው ይቆጣዋል?"

መሐንዲሱ ጥሩ ሰው ነው፤ ከልቡ አሰበበት። ወረቀቱ እንደገና ተጻፈ። ከዚያ ወዲያ ግቢው ውስጥ ስሙ "አቶ አልገባኝም" ሆነ፤ በክፋት አይደለም፣ መንገድ ላይ ሲያገኙትም ቆመው ሰላም የሚሉት በዚሁ ስም ነበር። እሱ ደግሞ በዚህ ስም እንደ ማዕረግ ይኮራል። አንድ ቀን ሱቅ ስንዘጋ "ያ ወንበር የኔ ዩኒቨርሲቲ ነው" አለኝ፤ እኔም ቁልፉን እያዞርኩ ያልሰማሁ መሰልኩ።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ሊቅ መሆን የሚያመጣውን ጣጣ ግን አልነገረንም። ዋርሳዬ በየሳምንቱ እየጠየቀ፣ በየሳምንቱ እየተመለሰለት፣ ዓመታት አለፉ። እውቀት ደግሞ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ። መጀመሪያ ያየነው እኛ ቤት ነው።

"ሰፈሩ ሁሉ ድንች ተወደደ እያለ ነው" አለች እህቴ።

"ሰፈሩ ሁሉ ስትይ ናሙናሽ ስንት ነው?"

"ናሙናዬ ድስቴ ነው። ና ክፈተውና ባዶውን እየው!"

ሌላ ቀን አንድ ደንበኛ ሱሪ ይዞ እየተቆጣ መጣ፤ ሳጥበው ጠበበ፣ ጨርቁ የማይረባ ነው አለ። ዋርሳዬ በትዕግሥት ሰማውና "ከመታጠቡ በኋላ ጠበበ ማለት በመታጠቡ ጠበበ ማለት አይደለም። ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል" አለው። ሰውየውም እኔም፣ ሳንመካከር፣ እኩል ወደ ሆዱ አየን። ያ ደንበኛ አልተመለሰም።

ኮሚቴው ውስጥም ነገር ቶሎ ይገባው ጀመር። መላምት ሲባል ያውቃል፣ ልኬት ሲባል ያውቃል፤ ያላወቀውን በእረፍት ሰዓት ከኮሚቴው ሐኪም ጋር ሻይ እየጠጣ ይጨርሰዋል። ስብሰባው አጠረ። አጥኚዎች ወደዱት። ጠረጴዛው ራሱን ሲነቀንቅ እሱም ይነቀንቃል። ማን ቅር ይለዋል? እኔ ራሴ ለደንበኞቼ "ይሄ የምታዩት ሰፊ ከዶክተሮች ጋር ነው የሚሰበሰበው" እያልኩ ዚፕ እሸጥበት ነበር።

ጉዱ የመጣው በእናቴ ነው።

እናቴ ሰባን አልፋለች፣ ከእህቴና ከባሏ ጋር ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት ከሱቃችን በር ላይ ወንበር አውጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ከዚያ ግን አታርፍም፤ ዳቦ ቤት ትሄዳለች፣ ጎረቤት ትሄዳለች፣ ማን መጣ ማን ሄደ ለማየት እስከ መንገዱ ጥግ ትሄዳለች። አንድ ጠዋት አንዲት ጨዋ ልጅ ከዩኒቨርሲቲው ወረቀትና ቀበቶ ይዛ መጣች። አንድ ሐኪምና ያ የባርኔጣው መሐንዲስ ተባብረው ሽማግሌዎች ለምን እንደሚወድቁ እያጠኑ ነው፤ ቀበቶው ለአንድ ሳምንት ይታጠቃል፣ የሰውን አረማመድ ይለካል። ልጅቷ ቁጭ ብላ አነበበችላት፦

"ይህ መሣሪያ በተሳታፊው የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ የሚከሰቱ የሚዛን መዛባቶችን በመመዝገብ፣ በመኖሪያ ቤት ያለ ድጋፍ የመቆየት አቅምን ለመገመት የሚያስችል መረጃ ይሰበስባል።"

"እሺ ልጄ፣ ጎሽ" አለች እናቴ። ፈረመች፣ ታጠቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ መሄድ ተወች። ውሃ ስትፈልግ እኔን ትልካለች። ዳቦ ቤት የለም፣ ጎረቤት የለም። ሲመሽ እኔንና እህቴን ግራና ቀኝ ይዛ፣ እንደ እንቁላል ተሸካሚ እየተጠነቀቀች ወደ ቤት ትገባለች። "ምን ሆነሽ ነው እማዬ?" ስንላት "ምንም" ነው መልሷ። ዝም አይነቅዝም ብላ ነው። እህቴ ግንባሯን እየዳሰሰች ትኩሳት ትፈልጋለች፤ ዋርሳዬም ቀበቶው ጠብቧት ይሆናል ብሎ በእጁ ለካው፤ አልጠበባትም።

ሳምንቱ አልቆ ልጅቷ ቀበቶውን ልትወስድ መጣች። ከኮምፒውተሯ ጋር አያያዘችውና አየችው፤ ደግማ አየችው።

"ማዘር፣ ይቅርታ… ቀበቶውን ወንበሩ ላይ ነው እንዴ ያሰሩት?"

"ወገቤ ላይ ነው እንጂ!" አለች እናቴ ቀና ብላ። "አንድም ቀን አልወደቅኩም። ጻፊልኝ። ከቤቴ የሚያስወጣኝ ነገር የለም።"

"ማን ያስወጣዎታል?"

"እናንተ ናችሁ እንጂ! ከወደቅኩ አረጋውያን መጦሪያ ልታስገቡኝ አይደል የለካችሁኝ? አንቺው ነሽ ያነበብሽልኝ።"

ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች። እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ የማንም ቤት አይነካም፣ ባይፈልጉ ኖሮ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር እያለች እጇን ይዛ ማለችላት። እናቴ ቀስ በቀስ ሲገባት ቀበቶውን ፈታች፣ ተነሣች፣ በዚያው ወደ ዳቦ ቤት ገሰገሰች። እኔና እህቴ በሳቅ ሞትን። ዋርሳዬ ግን አልሳቀም። ያንን ወረቀት ባለፈው ወር "ግልጽ ነው" ብሎ ያሳለፈው እሱ ነው።

እናቴ ዳቦዋን ይዛ ስትመለስ እስክትቀመጥ አልታገሠም። "እማማ፣ ለምን አልገባኝም አላሏትም?"

"አንተን አይቼ ነዋ" አለችው። "ልጅቷ ስታነብ መኪናህን አቁመህ ራስህን ትነቀንቅ ነበር። አንተ ገብቶህ ዝም ካልክ፣ እኔን ለመስደድ ተስማምታችሁበታል አልኩ። በልጄ ቤት ጠብ አላነሣም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ክው አለ። እናቴ ይህን ያለችው ያለ ቅያሜ ነው፣ ዳቦውን እየቆረሰች፤ ለዚህ ነው የባሰበት። ያን ቀን የሰፋውን እጅጌ ገልብጦ ገጠመው፤ ፈታው፣ እንደገና ገልብጦ ገጠመው። ሲመሻሽ በመስታወቱ በኩል ብቅ ብሎ "ያንን ወንበር መልቀቅ አለብኝ" አለኝ። ወንበሩን ምን ያህል እንደሚወደው ስለማውቅ አንጀቴን በላው። ተው ለማለት ፈለግሁ፤ ግን የእናቴን አረማመድ አይቻለሁ።

ረቡዕ የሆነውን የነገረችን ሰብሳቢዋ ናት፤ በማግስቱ የኮቷን ቁልፍ ልትገዛ መጥታ። ዋርሳዬ ተነሥቶ ነገሩን አንድ በአንድ ተረከላቸው። ምሁራኑ ሊያጽናኑት ሞከሩ፤ እኒህ እናት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፣ ከአንድ ሰው ተነሥቶ መደምደም አይቻልም አሉት።

"ልክ ነው፣ አይቻልም" አላቸው፣ መማሩ ይፋረደውና። "እኔ ቤት ያሉት እናት ግን አንድ ናቸው።"

ወንበሩን ልልቀቅ አለ። ሰብሳቢዋ ደግሞ እሱን ማጣት አልፈለገችም። የዕለቱን ወረቀት፣ ከትምህርት ተመራማሪዎቹ የመጣውን፣ ወደ እሱ ገፋ አደረገችና "ያንብቡት፤ አንድ ያልገባዎት ነገር ካገኙ ይቆያሉ" አለችው። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ወለል ላይ የወደቀ መርፌ እንደሚፈልግ ሰው መስመሩን በጣቱ እየዳበሰ ያልገባውን ነገር ፈለገ። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም። ግን ቀና ብሎ "ሁሉም ገባኝ" አለ።

"እንግዲያው ምንም ማድረግ አልችልም" አለችው። "ወንበሩ ላልተማረ ሰው ነው። እርስዎ ተምረዋል። በዚህ ጥፋት የምናባርረው የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት።"

ጠረጴዛው በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበለት። እሱ ይህንን አልነገረንም። ያን ዕለት ሱቅ ሲገባ ያለን ይህን ብቻ ነው፤

"ተባረርኩ።"

"ምን አጥፍተህ?" አለች እህቴ።

"ተምረሃል ተብዬ።" ይህን ብሎ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ሌላ ነገር ሆነና ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረ። እህቴ የልብስ መለኪያውን መጋረጃ ዘጋችለት።

በእሱ ቦታ ማን ይተካ ሲሉት ያለ ማመንታት እናቴን ጠራ። ያ ሐኪምና መሐንዲስም የቀበቶውን ወረቀት በሰው አማርኛ ጻፍልን ብለው ለመኑት። ጻፈ። ልብስ ሲሰፋ እንኳ እንደዚያ ሲለፋ አይቼው አላውቅም፤ እየፈታ እየሰፋ፣ እያሳጠረ እያስረዘመ፣ ለእኔ እያነበበ ከረመ። እኔም ከዚህ የተሻለ ሊጻፍ አይችልም አልኩት፤ እውነቴን ነው።

እናቴ የመጀመሪያ ስብሰባዋን ጨርሳ ስትመጣ ሻይ ቀርቦ ነበር። ዋርሳዬ እንደ አማች ሳይሆን ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ዙሪያዋን ይዞራል።

"እንዴት ነበር እማማ?"

"ደህና ነው። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው። ወረቀት ግን ያበዛሉ።"

"የቀበቶውስ… ቀረበ?"

"ቀረበ። መለስኩት።"

እህቴ የሻይ ኩባያዋን ይዛ በፍጥነት ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔ የምሸሽበት አጣሁ።

"ምኑ ነው ያልገባዎት?" አለ በቀጭን ድምፅ።

እናቴ ትክ ብላ አየችው። "የጻፈው ሰው ልቡ ጥሩ ነው፣ ያስታውቃል። ሰውየው ግን ተምሯል" አለችው።

ዋርሳዬ ወረቀቱን ከኮቱ ኪስ አወጣ፣ ወንበሩን ከእናቴ ወንበር አጠገብ አስጠግቶ ተቀመጠ።

"ከየት ላይ ነው የጠፋዎት?"

"እስቲ ከርዕሱ ጀምረህ አንብብልኝ" አለችው።