ጭራው መሬት ላይ ሳለ የመዘንኩት አውሮፕላን

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የማስተምረው ቂርቆስ ነው፤ ተከራይቼ የኖርኩት ደግሞ ካዛንቺስ ነበር። የክፍሌን በር ስከፍት መጀመሪያ የሚታየኝ የአውሮፕላን ጭራ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ስለሚስቅ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አከራዬ ጋሼ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው። ዕድሜያቸውን አውሮፕላን በሚጠገንበት ሃንጋር ውስጥ ከጨረሱ በኋላ በግቢያቸው የራሳቸውን አውሮፕላን መሥራት ጀመሩ። የሠሩት የዛሬዎቹን ዓይነት አይደለም። በልጅነታቸው ያዩትን፣ ክንፉ ላይና ታች ድርብ የሆነውን፣ በክንፎቹ መካከል ሽቦ የተወጠረበትን፣ አብራሪው ጣሪያ በሌለው ጎድጓዳ ቦታ ተቀምጦ ፊቱን ለነፋስ የሚሰጥበትን ነው። ንድፉን ከኢንተርኔት ገዝተው ደምበል አካባቢ በትልልቅ ወረቀት አሳተሙት። አጽሙ እንጨትና ኮምፔንሳቶ፣ ሞተሩ ከአሮጌ ቮልስ የወጣ፣ ልብሱ ደግሞ ተወጥሮ ቀለም የተቀባ አቡጀዲ ነው። አቡጀዲውን በጣቃ ሲያስገቡ ያዩ ሁለት የእድር ሴቶች፣ ሰው የሞተ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው ነበር አሉ። የጋሼ ባለቤት እትዬ በር ላይ ተቀብለው፣ "ግቡ፣ የሚገነዘው ይሄውላችሁ። እስካሁን ግን አልሞተም" ብለው አውሮፕላኑን አሳዩአቸው።

ለምን እንደሚሠሩት አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ፣ "ጋሼ፣ ይበራል ግን?" አልኳቸው።

"አውሮፕላን ነው እኮ" አሉኝ። ይህ መልስ ይሁን አይሁን እስከዛሬ አላውቅም።

ሰፈሩ ሊነሳ መሆኑ ሲነገር ጋሼና እትዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። አራተኛ ፎቅ አውሮፕላን አይገባም። ቢሾፍቱ አካባቢ ሰፊ መጋዘን ያለው የጥንት የሥራ ባልደረባ ነበራቸውና ቅዳሜ የጭነት መኪና እንዲመጣ ተቀጠረ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ አውሮፕላኑ አልተመዘነም።

"ሚዛኑን ከጠበቀ ቢሾፍቱ ይሄዳል" አሉኝ ጋሼ። "ካልጠበቀ ሞተሩን አወጣና የቀረውን እፈታዋለሁ። ሰው የሚገድል ነገር በሰው መጋዘን አላስቀምጥም። የምትመዝነው አንተ ነህ።"

"እኔ? እርስዎ እያሉ?"

"የሠራ አይፈርምም" አሉ። በሃንጋር ደንቡ እንደዚህ ነው። ሥራውን የሠራው ሰው ራሱ አይፈትሸውም፤ ሌላ ሰው ፈትሾ ይፈርማል። ፈታሹ ሲሠራም ሠሪው አጠገቡ ቆሞ አይናገርም።

ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳ። ማስመሪያን በአንድ ጣት ላይ ሚዛኑን ጠብቆ የሚያቆም አንድ ነጥብ አለ፤ ይህ የስበት ማዕከሉ ነው። አውሮፕላንም እንደዚሁ ነው። ነጥቡ ንድፉ ከሚፈቅደው ወደ ኋላ ከሄደ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቀና ይላል፤ አብራሪው ሊመልሰው አይችልም። ነጥቡን ለማግኘት ሁለቱ ጎማዎችና ጭራው የሚሸከሙትን ክብደት ለየብቻ መዝኖ ማስላት ነው። ይህን በየዓመቱ ስለማስተምር አልፈራሁም። መፍራት ነበረብኝ።

ሚዛኑን ከጎረቤት ወፍጮ ቤት ተዋስኩ። ባለቤቱ ራሱ ተሸክሞ አመጣው።

"መምህር፣ ከነገለባው ነው የምትመዝነው?" አለኝ።

"ዝም ብለህ ያዝልኝ።"

"እኔ የምፈራው ጋሼ ደቅቆ ይውጣልኝ እንዳይሉ ነው።"

ለመመዘን ክንፎቹ ሲገጠሙ ግቢው ስለጠበበ የእትዬ የልብስ ማስጫ ገመድ ተፈታ። እትዬ እርጥብ አንሶላ ታቅፈው፣ "ይሄ ሰውዬ ሰማይ ሳይደርስ የኔን ገመድ አወረደ" እያሉ አለፉ። ጋሼ ግን ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ቀኝ ጎማ፣ ግራ ጎማ፣ ጭራ፤ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ መዝኜ በደብተራቸው ላይ በሠንጠረዥ ጻፍኩ፤ አውሮፕላኑ እንዴት እንደቆመም ከጎኑ ሳልኩ። ውጤቱ መጥፎ ነበር። ጭራው ከሚፈቀደው በላይ ይከብዳል።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉንም ሠንጠረዡንም ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው እኔን አዩኝ።

"ፈርም" አሉ። ፈረምኩ። "እሺ" ብለው ደብተሩን ዘጉ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ የክንፉን ሽቦዎች እየፈቱ ነበር። እትዬ ደጃፉ ላይ ቆመው ያያሉ። እንደ ልማዳቸው ይቀልዳሉ ብዬ ነበር፤ ግን "ደህና ይዋሉ" ስላቸው እንኳን ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ቀኑን ሙሉ ያስተማርኩትን አላስታውስም። ስሌቱን በእረፍት ሰዓት ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ አንድም ስህተት አልነበረውም። ትክክል ሆኖ ሳለ ለምን እንደሚረብሸኝ ግራ ገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሰፈሩ ሁሉ ዕቃ ያወጣል። ዳገቱ ላይ ሁለት ሰዎች ረጅም ቁምሳጥን ይዘው ይወጣሉ። ከታች ያለው ቆመና፣ "አስቀምጠው በቃ። ክብደቱ በሙሉ እኔ ላይ መጣ" አለ።

"እኩል አይደል የያዝነው?" አለ ከላይ ያለው።

"ሜዳው ላይ ነበራ።"

እኔም ቆምኩ። ረጅም ዕቃ ሲያዘነብል የስበት ማዕከሉ ወደ ታችኛው በኩል ይሄዳል፤ ሸክሙም አብሮት ይሄዳል። የጋሼ አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫው ወደ ላይ፣ ጭራው ወደ ታች ነው። ሲበር ግን ቀጥ ይላል። እኔ የመዘንኩት እንደቆመ፣ ጭራው መሬት ላይ እንዳለ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የመዘንኩት ግን የሚበረውን አውሮፕላን አይደለም።

ግቢው ስደርስ የግራዎቹ ክንፎች ወርደው ግድግዳ ተደግፈው ነበር። ጋሼ መሬት ላይ ተቀምጠው ብሎኖችን በቆርቆሮ ጣሳዎች ይለያሉ።

"ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ" አልኳቸው። "ጭራው ቀና ማለት ነበረበት።"

ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ "በምን ትለካዋለህ ቀና ማለቱን?" አሉ።

"በግንበኛ ውሃ ልክ።"

"የመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አለልህ።"

ክንፎቹን መልሰን ስንገጥም መሸብን። በማግስቱ ከሥራ መልስ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ከነሚዛኑ እንደገና ጠራሁ። ጭራውን አራት ሆነን አነሳን፤ እትዬም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ያዙ። ካቫሌቶ፣ ግንበኞች የሚቆሙበትን የእንጨት መቆሚያ፣ ከሥሩ አስገባን፣ ሚዛኑን ካቫሌቶው ላይ፣ ጭራውን ሚዛኑ ላይ አሳረፍን፤ የውሃ ልኩ አረፋ መሃል እስኪገባ ድረስ ጣውላ ጨመርንበት። ከዚያ ጋሼ እንደ መጀመሪያው ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

ውጤቱ ንድፉ በሚፈቅደው ውስጥ ገባ። ብዙ ሳይተርፍ፣ ግን ገባ። አዲስ ገጽ ላይ ጽፌ ፈረምኩ። የድሮውን ገጽ ልቀደው ስል ጋሼ እጄን ያዙት። "የፈረምክበት አይቀደድም" አሉኝ።

"ስህተቱን ያን ቀን አይተውት ነበር?"

"ፈታሹ አንተ ነህ።"

"ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ..."

"ብነግርህ የፈረምኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።"

እትዬ ከኋላችን፣ "አሁን ይሄ መልስ ነው? ዕድሜ ልኬን እንዲህ ነው የሚመልስልኝ" አሉ።

ሚዛኑን ልመልስ ስነሳ ጣሳዎቹን አየሁ። እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ብሎኑ ከየት እንደወጣ ተጽፎበታል፤ "ግራ፣ ላይ፣ ፊት፣ አንድ"፣ "ግራ፣ ላይ፣ ፊት፣ ሁለት" እያለ። የገረመኝ ነገር እንጨቱ ለማገዶ፣ ሞተሩ ለሽያጭ የሚሄድ ከሆነ የብሎኑ ቦታ ለምን እንደሚጻፍ ነው። ተመልሼ እንደምመጣ ያውቁ ነበር? ወይስ እጃቸው የለመደውን ነው የሠራው? ሁለቱንም አስቤ ሁለቱም አሳማኝ ሆነውብኛል፤ ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ መልስ ቢያመጡልኝ አልቀበልም።

ቅዳሜ መኪናው መጣ። ክንፎቹን በፍራሽና በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጫንናቸው። ጋሼ ከላይ ሆነው ገመድ ሲያጠብቁ፣ ከታች ሆኜ የመጨረሻውን ጥያቄዬን ጠየቅኩ።

"ስህተቴን አይቼ ባልመለስ ኖሮስ ጋሼ?"

"መኪናው ቅዳሜ ይመጣ ነበር።"

"ወዴት ሊወስደው?"

የገመዱን ጫፍ ወረወሩልኝ። "እሱን ሳብልኝ" አሉ። "ጠንከር አድርገህ። ጭራው እንዳይነቀነቅ።"