የዘመመው በር

ባለፈው ሳምንት ለደንበኛ ዕቃ አድርሼ በትሮይቪል ሰፈር በኩል ስመለስ ድሮ ተከራይቼ የኖርኩበትን ግቢ አየሁት። ሁለት ሠራተኞች የብረት በሩን ከማጠፊያው ነቅለው መሬት ላይ አጋድመውታል። ጥቁር ቀለም የተቀባው አዲሱ በር አጥሩን ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። መኪናዬን ጥግ አስይዤ ወረድኩ። አሮጌው በር ወደ ግራ የዘመመ ነበር፤ ለመክፈት በትከሻ መግፋት፣ ለመዝጋት በእግር ከፍ ማድረግ ያስፈልግ ነበር፤ በጩኸቱ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ስንት ቀን እንደረገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ተጋድሞ ሳየው ግን አሳዘነኝ፤ ሳላስበውም ከአፌ «ፒንቱ ሰንጌት» የሚል ቃል ወጣ። አንደኛው ሠራተኛ ቀና ብሎ «ምን አልክ?» አለኝ። በማላይ ቋንቋ «በር ዘማማ» ማለት ነው ብዬ ብነግረው ምን ሊለኝ ነው? «ምንም» አልኩት።

አሁን ጀፕ በሚባለው የጆሃንስበርግ የሐበሾች ገበያ አዲስ የሚመጡት ልጆች ጋሼ ይሉኛል። በዚያ ጊዜ፣ ያ በሽታ ዓለምን ቤቱ የከተተ ጊዜ፣ ጋሼ የሚለኝ አልነበረም። ከሆሳዕና የመጣሁ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለሁ፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ የምሸጥ፣ ምላሴ የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። አማርኛም ለእኔ የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ቋንቋ መማር አያስፈራኝም ነበር። ደግሞ ጀፕ ላይ ቋንቋ የሚጀመረው ከቅጽል ነው። የዕቃው ስም ለምን ያስፈልጋል? ዕቃው እጅህ ላይ ነው፤ ገዢው ያየዋል። የሚያስፈልግህ ርካሽ፣ ቆንጆ፣ ወፍራም፣ አዲስ ማለት ብቻ ነው። እኔ በዙሉ «ስምህ ማን ነው?» ማለት ሳልችል «ኩሽቢሌ!»፣ ርካሽ ነው፣ እያልኩ ስንት ብርድ ልብስ ሸጬ ነበር። ለእኔ ቅጽል ማለት የሚያስገዛ ቃል ማለት ነበር።

ከዚያ ሎክዳውን መጣ። የጀፕ ሱቆች ብረት መዝጊያቸውን አወረዱ፤ ወታደሮች መንገድ ላይ ወጡ። የከተማው ታክሲዎች ጥሩንባ ዝም ሲል የጆሃንስበርግን የራሷን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ሃዴዳ የሚሏቸው አፈ ረጃጅም ወፎች ጣሪያ ላይ ተቀምጠው ሲጮኹ ከሰፈር ሰፈር ይሰማል። ያን ያህል ትልቅ ከተማ ያን ያህል ዝም ሊል እንደሚችል ማን ያስባል? ጠዋት ጠዋት ከክፍሌ ወጥቼ እጄን አጣምሬ እገረም ነበር።

የግቢው ባለቤት ማክ ቺክ ነበሩ። ማክ ቺክ ስም አይደለም፤ እኛ እትዬ እንደምንለው በአገራቸው ለትልቅ ሴት የሚባል ነው። ከማሌዥያ፣ ከአንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ የመርከብ መካኒክ የነበረውን የኬፕታውን ሰው አግብተው በወጣትነታቸው የመጡ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ከእኔ ጋር የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔን «አናክ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ማየት አይችሉም ነበር። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላቸው ነበር፤ በሽታው ሲገባ ሆስፒታሉ ዓይንና ጉልበት የመሳሰለውን ሁሉ ላልታወቀ ጊዜ አስተላለፈው።

በዚያው ሰሞን ማሌዥያ የቀሩትን ታላቅ እህታቸውን ስትሮክ መታቸው። «ካካ» ነው የሚሏቸው፤ ታላቅ እህት ማለት ነው። ካካ ይሰማሉ፣ ያውቃሉ፣ መናገር ግን አቅቷቸዋል። አውሮፕላን የለም፤ ድንበሩ ሁሉ ተዘግቷል። ማክ ቺክ ስልክ ሲደውሉ የካካ የልጅ ልጅ እያነሳች «ሲሃት፣ ሲሃት» ትላቸዋለች፤ ጤነኛ ናቸው፣ ደህና ናቸው።

አንድ ቀን ጠዋት በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጠሩኝ።

«አናክ፣ አንተ ቋንቋ ቶሎ ትይዛለህ አይደል?»

«ጀፕ ነው ያደግኩት ማክ ቺክ» አልኩ፤ ጉራ ነው።

«ማላይ አስተምርሃለሁ። ብዙ አይደለም። ካካን በቪዲዮ እንድታይልኝና መልኳን እንድትነግረኝ ነው።»

«በእንግሊዝኛ ብነግርዎትስ?»

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «እህቴ እኮ አልሞተችም፤ ትሰማለች። ሰው ፊቱ ተቀምጦ በማያውቀው ቋንቋ ስለ መልኩ አይወራም።»

አፈርኩ። ትምህርቱም ያን ቀን ተጀመረ።

እጃቸውን ይዤ ግቢውን እንዞራለን። አንድ ነገር ይዳስሱና ስሙን ይሉኛል፤ ከዚያ እንዴት ያለ እንደሆነ እኔ እነግራቸዋለሁ። ሩማህ ቤት ነው፤ በሳር ትልቅ ነው፤ ትልቅ ቤት «ሩማህ በሳር»። ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ቀይ ከሆነ «ባጁ ሜራህ»። የጎረቤቱ ጥቁር ድመት አጥር ላይ ሲቀመጥ «ኩቺንግ ሂታም»። እኔ ደግሞ እንደ አገሬ ጥቁሩን አስቀድሜ ድመቱን አስከትላለሁ። ጭንቅላቴን መታ ያደርጉኛል።

«መጀመሪያ ነገሩን አስቀምጥ። ከዚያ እየው። ከዚያ ተናገር።»

ይህ ነገር ገረመኝ። በእኛ ቋንቋ መልኩ ፊት ፊት ይመጣና ነገሩ ከኋላ ይደርሳል፤ ገበያ ላይማ ነገሩ ጨርሶ ባይደርስም ግድ የለም። በማክ ቺክ ቋንቋ ግን ነገሩ ብቻውን ይቆማል፤ አንተም ቀጥሎ ምን እንደምትል እስክትወስን አብረኸው ትቆማለህ።

ምግብ ላይም ትምህርት አለ። ሽሮ ሠርቼ ስወስድላቸው አንድ ጉርሻ ቀምሰው «ፐዳስ!» ብለው ትንፋሻቸውን ይስባሉ፤ ያቃጥላል ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ሳህኑን ጠርገው ይበላሉ። እሳቸው በዝንጅብልና በስኳር የሚያፈሉት ሻይ «ፓናስ» ነው፣ ትኩስ፤ «ማኒስ» ነው፣ ጣፋጭ። በሩን ስንዳስስ ደግሞ «ሰንጌት» አሉኝ፤ ዘማማ። ለካካ በስልክ በዚህ በር ያላማረሩበት ዓመት እንደሌለ፣ ካካም «መቼ ነው የምታስጠግኚው?» እያሉ ሲስቁባቸው እንደኖሩ ነገሩኝ።

ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ግን ሰማዩን ነበር። «ላንጊት?» ይላሉ። «ቢሩ» እላለሁ፤ ሰማያዊ። የጆሃንስበርግ ክረምት ደረቅ ነው፤ ደመና የለም፤ ይህን ለማወቅ ቀና ማለት እንኳ አያስፈልግም። አንድ ቀን «ዛሬም ቢሩ?» አሉኝ። «ዛሬም ቢሩ።» «አናክ፣ የሚቃጠል ሣር ይሸተኛል። ቀና በል።» ቀና አልኩ። በምሥራቅ በኩል ጭስ ተጋድሞ ሰማዩ አመድ መስሏል፤ ከሱ በላይ ቢጫ፣ ከቢጫው በላይ ስሙን የማላውቀው ቀለም አለ። እዚህ አገር ስንት ጊዜ ኖሬ ሰማዩን ያየሁት ያን ቀን ነው ብል አላጋነንኩም። ዓይን ከሌላቸው ሴት አጠገብ ቆሜ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

የቪዲዮው ቀን እሑድ ጠዋት ነበር፤ እዚያ ማሌዥያ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ማክ ቺክ ነጭ ሻሽ አስረው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እኔ ማስኬን አገጬ ላይ አውርጄ ስልኩን ፊታችን ያዝኩ። የልጅ ልጅየዋ ብቅ አለችና ስልኳን ወደ አልጋው አዞረችው።

ካካን አየኋቸው። ትራሱ ሊውጣቸው ምንም አልቀረው። ጉንጫቸው ገብቷል፣ የአንገታቸው አጥንት ተቆጥሮ ያልቃል፣ የአፋቸው ግራ ወደ ታች ተጎትቷል። ዓይናቸው ግን ቀጥ ብሎ እህታቸውን ያያል።

«ራምቡት?» አሉ ማክ ቺክ፤ ፀጉር።

«ፑቲህ።» ነጭ። ይህ ቀላል ነው።

«ባዳን?» ሰውነቷ?

ያሳደገኝ ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ፤ የጀፕ ገበያውም፣ ክፉ ወሬ ለሩቅ ሰው አይነገርም ያሉኝ የአገሬ ሽማግሌዎችም። «ሲሃት» አልኩ።

«ሙካ?» ፊቷ?

«ቻንቲክ!» አልኩ፤ ቆንጆ። ድምፄ ሱቅ ደጃፍ ላይ የምጮህበት ድምፅ ነበር። ለእኔም ተሰማኝ።

ማክ ቺክ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው፣ «አናክ፣ እህቴን አትሽጥልኝ» አሉኝ። «ብርድ ልብስ አይደለችም። እዚያ ቤት ያሉት ሁሉ ሲሃት ይሉኛል፤ አዝነውልኝ ነው። አንተን ያስተማርኩህ የራሴ ዓይን እንዲኖረኝ ነው። ዓይን አያዝንም። ያያል።»

እናቴ ትዝ አለችኝ። እዚህ አገር በገባሁ በዓመቱ ቤት ስደውል «ደህና ናት፣ ገበያ ወጥታለች፣ ተኝታለች» ይሉኝ ነበር። ከብዙ ወራት በኋላ የአገሬ ልጆች ማለዳ ክፍሌ መጥተው ተደርድረው ሲቀመጡ ነው የገባኝ። የተቀበረችው እኔ ለሷ ቀሚስ እየመረጥኩ ሳለ ነው። አዝነውልኝ እንደደበቁኝ አውቃለሁ፤ አልተቀየምኳቸውም። ግን ያቺን ቀሚስ እስከዛሬ ለማንም መስጠት አልቻልኩም።

ካካን እንደገና አየኋቸው። «ባዳን ኩሩስ» አልኩ። ሰውነቷ ከሲታ።

«ታንጋን?»

«ታንጋን ከቺል።» እጇ ትንሽ።

«ሙሉት?» አፏ?

ለዚህ የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱንም የተማርኩት ከብረት በር ነው። የካካ ዓይን አሁን ወደ እኔ ዞሯል። ሰው ፊቱ ተቀምጦ እንዲህ ይባላል?

«ሰንጌት» አልኩ።

የልጅ ልጅየዋ ደነገጠች። ማክ ቺክ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ማቻም ፒንቱ ኪታ?» እንደ በራችን?

ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ ማቃሰት መስሎኝ ነበር። ካካ እየሳቁ ነው። ቃል ያጣው ጉሮሮ ሳቁን አላጣም፤ የዘመመው አፍ ይበልጥ ዘምሞ፣ ትከሻቸው እየተነቀነቀ ይስቃሉ። ማክ ቺክም ሳቁ። እጃቸው ክንዴን ጨምድዶ ይዞኛል። «ማታ?» አሉኝ በሳቃቸው መሃል፤ ዓይኗስ?

«ማታ ባሳህ» አልኩ፤ ዓይኗ እርጥብ። የማን ዓይን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ እኔ ራሴ በደንብ ማየት አቅቶኝ ነበር።

ከዚያ ማክ ቺክ ለእህታቸው መናገር ጀመሩ። እኔ አላስፈልግም ነበር፤ ስልኩን ብቻ ያዝኩ። ከዚያ ሁሉ ንግግር የምይዘው ያስተማሩኝን ቅጽሎች ብቻ ነው። ሜራህ፣ አሉ። ቆይተው ከቺል። ፓናስ። ማኒስ፣ ማኒስ፣ ሁለት ጊዜ፤ ካካ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባሳህ። በሳር። የምን ቀይ? ምኑ ነው ትንሽ የነበረው? ምን ነበር ያን ያህል የጣፈጠው? አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁም። አንድ ሙሉ ልጅነት፣ ባሕሩና ቤቱና ሰዉ ሳይታየኝ፣ ቀለሙና ሙቀቱና ጣዕሙ ብቻ በፊቴ አለፈ። በሕይወቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ፀጥ ብዬ አላውቅም።

ካካ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። የልጅ ልጅየዋ ስትደውል እያለቀሰች መናገር አቃታት። ማክ ቺክ ራሳቸው ናቸው ያጽናኗት። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ሳለ እጄን መታ መታ አድርገው «አይዞህ አናክ፤ አይቻታለሁ» አሉኝ።

የዓይን ቀጠሯቸው ሲደርስ ሞራው ተነሣላቸው። ከሆስፒታል ስወስዳቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ገሙክ!» አሉ፤ ወፍራም። ድንበሩ ሲከፈት ግቢውን ሸጠው አገራቸው ገቡ፤ ከካካ መቃብር አጠገብ። በሩን ሳያስጠግኑ ሄዱ። ለምን እንዳላስጠገኑት ጠይቄያቸው አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ሠራተኞቹ ያን በር አንስተው ሲጭኑት እስከ መጨረሻው ቆሜ አየሁ። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሆሳዕና ደወልኩ። አባቴ ሸምግሏል፤ ታናሽ እህቴ ናት የምታስታምመው።

«አባባ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ተኝቶ ነው።»

«ደህናውን ተዪው። አጠገቡ ቁጭ በዪና መልኩን ንገሪኝ።»

ወንበር ስትስብ ተሰማኝ።

«ፂሙ…» አለች። ቆየች፤ እያየችው እንደሆነ ገባኝ። «ፂሙ ነጭ ነው። እጁ… ቀጭን ነው።» ድምፅዋ ተሰበረ።

«ቀጥዪ» አልኳት።