አልገጥም ያለው የአንኮበር ካርታ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሰናይት፣ አንኮበር ገደሉ አፍ ድረስ ያለውን የአባታችንን ቦታ በስልኳ አወጣችና ዙሪያውን በጣቷ ዞረችው። ስፋቱ ወዲያው ወጣ። "በቃ፣ ይኸው ነው እትዬ" አለችኝ። የእኔ ሐሳብ ግን ደብረ ብርሃን ሄዷል።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ትምህርቴን እንደጨረስኩ እዚያ የመሬት ልኬታ ቢሮ ተቀጠርኩ። ሥራችን ካርታ ላይ የተነሣን መሬት ስፋት ማውጣት ነበር። ፕላኒሜትር የምንለው መሣሪያ አንድ ክንዱ ወረቀቱ ላይ ይተከላል፤ የሌላውን ክንድ መርፌ ይዘን ወሰኑን እንዞራለን፤ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ጎማ እየተንከባለለች ስፋቱን ትቆጥራለች። አንዱን ካርታ ሁለት ሰው ለየብቻው ይዞረዋል። ቁጥራቸው ካልገጠመ እንደገና ነው።

ከእኔ ጋር የሚሠራው ጌታሁን የሚባል ከጎጃም የመጣ ወጣት ነበር። በጥቅምት ውርጭ እኔ ጣቶቼን በትንፋሼ ሳሞቅ፣ እሱ ዙሩን ጨርሶ ከኮቱ ኪስ የገብስ ቆሎ ይዘግንልኝ ነበር። እወደው ነበር። አልነገርኩትም፤ የቄስ ልጅ ነኝ፣ እሱ ይጀምር ብዬ እጠብቃለሁ።

የመጨረሻው ካርታ የአንኮበር ነበር። እሱ ሲያልቅ ጌታሁን ወደ ወሎ ይዛወራል። ታዲያ ያ ካርታ አልገጥም አለ። የጌታሁን ቁጥር ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ ይላል። አለቃችን ገለባ ከጎማዋ ሥር ገብቶ ይሆናል ብለው ቆሎ ከለከሉን። የእኔ ቁጥር አንድም ቀን ስላልተዛነፈ ልቤ አብጦ ነበር።

"ምን ነካህ? የእኔ አገር ላይ ስትደርስ ነው እጅህ የሚሰንፈው?" አልኩት። ሳቅ ብሎ መርፌውን ወደ መነሻው መለሰ።

በመጨረሻ አለቃችን ራሳቸው ተቀምጠው ዞሩት። ከእኔ ቁጥር ጋር ገጠመ፤ ሥራው አለቀ።

በደብረ ሲና በኩል ወደ ደሴ በሚወርድ የጭነት መኪና ሲሳፈር ልሸኘው ሄድኩ። ነፋሱ ነጠላዬን ይገፋል። አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ እንዳደረገ፣ "አንቺም ትንሽ ብትስቺልኝ ኖሮ እስከ ገና በቆየሁ ነበር" አለኝ። ነገሩ እስኪገባኝ መኪናው ተነሣ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ግን ነቅዟል። ልክ መሆን ይህን ያህል እንደሚያስከፍል በዚያ ዕድሜዬ ከየት ልወቀው?

ስልኩን ከሰናይት ተቀበልኩና እኔም ልሞክር አልኳት። ገደሉ አፍ ስደርስ ጣቴን ከመስመሩ ለቀቅኩት።

"ሳቱ እትዬ፣ እንደገና ይጀምሩ" አለችኝ።

እንደገና ጀመርኩ። እዚያው ስደርስ ደግሞ ሳትኩ።